ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ስምንት ቁጥሮች

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። የ1991 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 2ኢ ነው፣ ባለ ካርቡራቶር። ዘይት ይበላል። በየ700 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር እጨምርበታለሁ። ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ጋራዥ ስወስደው ‹ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ሞተሩ አልቋል፣ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝተህ ቀይር› አሉኝ። ገንዘቤ ትንሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁልፍ መያዝ አያቅተኝም፣ ወንድሜም ያግዘኛል። ግቢያችን ውስጥ እኛው ብንሠራውስ? ልቀይረው ወይስ ላሠራው?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ይቻላል። ግቢ ውስጥ ለመክፈት 2ኢን የመሰለ የዋህ ሞተር ብዙ የለም። ብሎኩ ብረት ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ሲያልቅ በመሣሪያ ፍቆ ማስፋት ይቻላል። 1,295 ሲሲ ነው፤ አንድ ካምሻፍት፣ 12 ቫልቭ። መለዋወጫው አሁንም ይገኛል። በሚገባ ከተሠራ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልሃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለህን መኪና በደንብ መያዝ የበለጠ ዋጋ አለው።

አንተ ግን ያቀረብክልኝ ሁለት ምርጫ ነው፦ መቀየር ወይም መሥራት። እኔ ሦስተኛም ይታየኛል። ምናልባት ሁለቱም አያስፈልጉህ ይሆናል። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም። የጻፍከው ምልክት ራሱ ወደዚያ ይጠቁማል።

ጭሱን እንየው። ጠዋት ሲነሳ ቡፍ ብሎ የሚወጣና ከደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ጉዳይ ነው። ቫልቩ እግር ላይ ቆብ የመሰለች ትንሽ ጎማ አለች። በሙቀት ብዛት ትደርቅና እንደ ፕላስቲክ ትሆናለች። ሌሊት ላይኛው ክፍል የቀረው ዘይት በእሷ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ጠዋት የሚቃጠለው እሱ ነው። ሌላም ምልክት አላት። ረጅም ቁልቁለት እግርህን ከነዳጅ አንስተህ ከወረድክ በኋላ፣ ታች ደርሰህ ነዳጅ ስትሰጠው ከኋላ ሰማያዊ ካየህ አሁንም እሷው ናት።

ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ሲያልቅ ግን ጭሱ ሰዓት አይመርጥም። ዳገት ላይ፣ ሰው ጭነህ፣ ሞተሩ ሞቆም ያጨሳል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ስታነሳው እንደ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወንድምህን ከኋላ አቁመህ አስነሳው። ከዚያ ዳገት ፈልገህ ንዳው፤ እሱ በሌላ መኪና ይከተልህ። የምታዩትን ጻፉ። ነጭ ሆኖ የሚቆይና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ጭስ ከሆነ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየተቃጠለ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

አንድ ርካሽ ነገርም አትዝለል። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትንፋሽ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ የምትመልስ ትንሽ ቫልቭ አለች። ላይኛው ክዳን ላይ ከጎማ ቱቦ ጋር ትገኛለች። ነቅለህ አራግፋት። ቅጭል ቅጭል ካላለች ተደፍናለች። እሷ ስትደፈን ትንፋሹ መውጫ ያጣና ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋዋል። ለዚህች ቁራጭ ሲባል ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር የሚጨምቅበት ግፊት ነው፤ የሚለካውም በባር ነው። «ኮምፕሬሽኑ ወርዷል» ሲሉህ ስንት ነው ብለህ ጠይቀሃል? ቁጥር ካልነገሩህ ምንም አልነገሩህም። ቁጥር ነግረውህም ቢሆን፣ ከየትኛው መጽሐፍ ጋር አስተያዩት?

ይህን የምጠይቅህ በምክንያት ነው። የአምራቹ ማንዋል ላይ ያለው የኮምፕሬሽን ልክ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። እኛ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን ያልፋል፤ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሲሊንደሩም የሚስበው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ አዳማ ላይ በአንድ አምስተኛ ገደማ። ጂቡቲ ወደብ ላይ 12 ተኩል ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዳማ ሲደርስ 10 ገደማ ያሳያል። አዲስ አበባ ሲወጣ 9 ተኩል አካባቢ ይሆናል። ሞተሩ አልታመመም፤ የተቀየረው አየሩ ነው። በማንዋሉ ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ግን ‹አልቋል› ይልሃል። ክፋት ስላለው አይደለም፤ ይህን ያስተማረው ሰው ስለሌለ ነው።

ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እይ። አራቱም 9 ተኩል፣ 10፣ 10፣ 9 ተኩል ካሉ ሞተርህ ደህና ነው። 10፣ 10፣ 6፣ 10 ካሉ ሦስተኛው ታሟል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ፣ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል ብለህ ጠርጥር።

አለካኩ ቀላል ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። ሞተሩን በደንብ አሙቅ። ለካንዴላዎቹ (ብልጭታ ሰጪዎቹ) ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የቦቢናውን ሶኬት ንቀል። አራቱንም ካንዴላ አውጣ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ወንድምህ የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝ፤ ካርቡራቶሩ ካልተከፈተ ሞተሩ አየር ስለማይስብ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ከዚያ መርፌው መውጣት እስኪያቆም፣ አምስት ስድስት ዙር ያህል፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙር። ጻፍ። አራቱንም ከጨረስክ በኋላ በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና እንደገና ለካ። ዘይቱ ፋሻው ዙሪያ ገብቶ ለጊዜው ይደፍናል። በዘይት ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከወጣ ችግሩ ፋሻና ሲሊንደር ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። በደረቁ አራት፣ በዘይት አራት፣ ጠቅላላ ስምንት ቁጥር። መለኪያውን መግዛት የለብህም፤ ለግማሽ ቀን ተዋሰው ወይም ተከራየው።

ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ከሆኑና ጭሱ ጠዋት ብቻ ከሆነ ሞተሩን አታውርድ። ጎሚኒዎቹን ብቻ ቀይር። 12 ናቸው። ቴስታታውም ሳይነሳ ይሠራል። ፒስተኑ ወደ ላይ መምጣት ሲጀምርና ሁለቱም ዓይነት ቫልቮች ዝግ ሲሆኑ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ የናይለን ገመድ እጥፍጥፍ እያደረግህ አስገባ። ጫፉ ውጭ ይቅር። ከዚያ ክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በቁልፍ፣ በእጅህ፣ በቀስታ አዙረው። ገመዱ ፒስተኑና ቫልቮቹ መካከል ይጨመቅና ቫልቮቹን ከታች ደግፎ ይይዛል። አሁን ስፕሪንጉን ብትጫነው ቫልቩ ወደ ሲሊንደር አይወድቅም። አሮጌዋን ጎማ ስታወጣት በጣትህ ጨምቃት። ከተሰነጠቀች ወይም እንደ ጠጠር ከጠጠረች ሌባዋን አግኝተሃል። ሁለት ቅዳሜ ይፈጅብህ ይሆናል፤ ወጪው ግን ከሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቁጥሮቹ መጥፎ ከመጡስ? ያኔ የመቀየርና የመሥራት ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ይሆናል።

ስለመቀየር እውነቱን ልንገርህ። ያገለገለ ሞተር መግዛት የማታውቀውን የሰው በሽታ መግዛት ሊሆን ይችላል። ሶማሌ ተራ ጥሩ ሞተር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ግን የሚገኘው ለሚፈትሽ ሰው ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈት። ከሥሩ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። የውሃ መውጫዎቹን በባትሪ መብራት እይ፤ ውስጡ በዝገት ከተበላ ተወው። ካንዴላዎቹን አስወጣ፤ አንዱ በዘይት ከረጠበ ምክንያት አለው። መሬት ላይ እንዳለ ሞተሪኖና ባትሪ አስገጥመህ ኮምፕሬሽኑን ለካ። ነጋዴው ከፈቀደልህ ኮፓውን (የዘይት ማጠራቀሚያውን) አስከፍተህ አንድ ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ስስ የብረት ቅርፊት) አውጣና እይ። ካልፈቀደ ቢያንስ የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ተስማማ። በቃል ብቻ የተባለ ዋስትና መኪናው ከተራው ከወጣ በኋላ ለማስፈጸም ያስቸግራል።

ሌላው ወረቀት ነው። ሊብሬህ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ከቀየርክ ቁጥሩ መስተካከል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ትጠየቃለህ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፋይልህ ወዳለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሂድና ምን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ሰነድ የሌለው ሞተር በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ወይም መኪናውን ስትሸጥ ተመልሶ ይይዝሃል።

ምናልባት አንድ ሰው 4ኢ-ኤፍኢ ግባበት ይልህ ይሆናል። የዚያው ቤተሰብ ነው፣ 1,331 ሲሲ፣ ነዳጁ በኢንጀክሽን። ጥሩ ሞተር ነው። ግን ለአንተ አልመክርም። ከሞተሩ ጋር ኮምፒውተሩን፣ ሙሉ ሽቦውን፣ የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፑንና ወደ ታንክ የሚመለሰውን የነዳጅ መስመር ትፈልጋለህ። አንዷ ሶኬት ከጎደለች ግቢህ ውስጥ የቆመ መኪና ነው የሚኖርህ። ሽቦ ሥራህ ስለሆነ ልብህ ወደዚያ እንደሚያዘነብል አውቃለሁ። ገንዘብ ሲኖርህ፣ ሁሉም ነገር ያልጎደለበት የተጋጨ መኪና ስታገኝ አስበው። አሁን ግን የራስህን 2ኢ ሥራው። ታሪኩን የምታውቀው እሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ቦታ አስተካክል። አዳማ ነፋሻማ ናት፤ የንፋስ ተርባይኖቹን ያስተከላቸውም ያው ነፋስ ነው። ያ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አቧራ ደግሞ ለተከፈተ ሞተር ጠላት ነው። የሸራ ወይም የቆርቆሮ ከለላ ሥራ፤ መሬቱን ውሃ እርጭ። ሥራ ባቆምክ ቁጥር ብሎኩን በንጹሕ አንሶላ ሸፍን። ማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፤ ክሩ ይረግፋል።

ማንሻው ላይ አትቆጥብ። ሞተሩን ከነካምቢዮው ስታወርድ ሁለት ኩንታል እንደምትሰቅል አስብ። የ1 ቶን ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ተከራይ። ከቤቱ ጣሪያ ወራጅ ላይ እንዳትሰቅለው፤ ወራጁ የተሠራው ለቆርቆሮ ነው። ሦስት ወፍራም የብረት ቱቦ አናታቸውን አስበይድና ሦስት እግር አድርገህ አቁም፤ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ በሰንሰለት እሰራቸው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስተህ ሥር አትግባ። የብረት ማቆሚያ ከሌለህ ወፍራም የግንድ ጉማጅ ደርድር። ወንድምህም አንተም በሰላም መግባት አለባችሁ።

ስትፈታ ስልክህ ይሥራ። እያንዳንዱን ቱቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥር ጻፍ። 2ኢ ካርቡራቶር ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ብዙ ናቸው፤ ሞተሩን በደንብ ሠርቶ ሲያበቃ እነሱን ያሳከረ ሰው ሳምንት ይለፋል። ለብሎኖቹ የማካሮኒ ካርቶን ውሰድ። የቴስታታውን ቅርጽ ሣልበት፤ ብሎኖቹን በየቦታቸው ወግተህ አስቀምጥ። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) እና የክራንክሻፍት ክዳኖች አቅጣጫና ተራ አላቸው። ቁጥር ከሌላቸው ከመፍታትህ በፊት በነጥብ ምልክት አድርግ። ቦታ የተለዋወጠ ክዳን ሞተሩ እንዳይዞር ያደርጋል።

አሁን መለካት። ሲሊንደሩ አዲስ ሲሆን 73 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደር መለኪያ ውድ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ፋሻና በአንድ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) የሚሠራ ዘዴ ልስጥህ። ከአንዱ ፒስተን የላይኛውን ፋሻ አውጣ። ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና በፒስተኑ አናት እየገፋህ ቀጥ አድርገው። መጀመሪያ ታች፣ ፒስተን የማይደርስበት ያልተበላው ቦታ ላይ አቁመው፤ ጫፍና ጫፉ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ከዚያ ላይ፣ ከአፉ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ለካ። ታች 0.50፣ ላይ 0.95 አገኘህ እንበል። ልዩነቱ 0.45 ነው። ለ3.14 አካፍለው፤ 0.14 ይመጣል። ሲሊንደርህ ላይኛው ክፍሉ 0.14 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። አራቱንም እንዲህ ለካ።

የእኔ ወሰን አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነና ግድግዳው ላይ ጭረት ከሌለ፣ ግድግዳውን በመሞረጃ ድንጋይ አስጠርገህ አዲስ ፋሻ ማስገባት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በአሮጌ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ መክተት ገንዘብ ማቃጠል ነው። አስፋው። ቀጣዩ ልክ 0.50 ነው፤ ማለትም 73.50። ይህ መለኪያ ሲሊንደሩ ሞላላ መሆኑን ስለማያሳይ ሲሊንደሩን የሚያሰፋልህ ቶርኖ ቤት በራሱ መሣሪያ እንዲያረጋግጥ አድርግ።

እዚህ ላይ አንድ ቅደም ተከተል ልብ በል። ፒስተኑን ግዛ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን አስፋ። በተቃራኒው አይሆንም። «0.50» ተብለው የሚሸጡ ፒስተኖች ሁሉ እኩል አይደሉም። ቶርኖ ቤቱ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ፣ ለራሱ ፒስተን ሲሊንደሩን ያስፋ። ሲጨርስም የለካውን በወረቀት ይስጥህ። ቅር ይለው ይሆናል፤ አንተ ግን ጠይቅ። አራቱን ፒስተኖች ደግሞ ከመግዛትህ በፊት በኩሽና ሚዛን መዝናቸው። በጥቂት ግራም ከበለጠ ልዩነት ካላቸው ሌላ ስብስብ ይምጣልህ።

ክራንክሻፍቱን በጥፍርህ ዳብሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ 0.25 ተሞርዶ፣ በዚያው ልክ ብሮንዚና ይገዛለት። ለስላሳ ከሆነ ፕላስቲጌጅ የሚባለውን ቀጭን የፕላስቲክ ክር ተጠቀም። ደረቁ ክራንክሻፍት ላይ አስቀምጥ፣ ክዳኑን በልኩ አጥብቅ፣ ሳታዞር ፍታ፣ የተለጠጠውን ስፋት ከማሸጊያው ላይ ካለው መስመር ጋር አስተያይ። ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መካከል ከሆነ ተመስገን በል።

ቴስታታውን ገልብጠህ ቀጥ ያለ ብረት አጋድምበት፤ ከሥሩ 0.05 ፊለር የሚገባ ከሆነ ይላግ። ካንዴላዎቹን አስገብተህ የቫልቮቹን ጓዳ በነጭ ጋዝ ሙላ። አምስት ደቂቃ ጠብቅ። የወረደው ጓዳ ቫልቩ አይዘጋም።

ከሁሉ በላይ ላሳስብህ የምፈልገው ግን ማጠብን ነው። ወጣት ሳለሁ የሠራሁት አንድ ሞተር ነበር። ሲሊንደሩ ሰፍቶ መጣልኝ፤ በቤንዚን አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ገጠምኩት። ዓመት ሳይሞላ ዘይት መብላት ጀመረ። ስከፍተው አዲሱ ፋሻ እንደ አሮጌ ተበልቷል። ባለቤቱ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት መኪና ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥፋቱ የቶርኖ ቤቱ አልነበረም፤ የእኔ ነው። ሲሊንደር ሲጠረግ ከመሞረጃው ድንጋይ የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ግድግዳው ጭረት ውስጥ ይጣበቃል። ቤንዚን ዘይቱን ያጥባል እንጂ አሸዋውን አያነሳውም።

የሚያነሳው ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው። ትልቅ ሳፋ አምጣ፣ ውሃ አፍላ፣ ኦሞ በደንብ በጥብጥ። በብሩሽ ግድግዳውን እሽ፤ ዘይት የሚሄድባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ውጋ። አለቅልቅ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በንጹሕ ዘይት ነክረህ ሲሊንደሩን ጥረግ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ? ተመለስና እንደገና እጠብ። ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ ሊሆን ይችላል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አታቁም። ንጹሕ ሲሆን በፍጥነት አድርቀህ ወዲያው ዘይት ቀባው፤ እርጥብ ብረት ዓይንህ እያየ ይዝጋል። ይህ ሥራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል፤ ወጪው ግን ሳሙና ብቻ ነው።

ወጪውን በሚመለከት ዋጋ አልጽፍልህም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከሦስት ሱቅ ጠይቀህ ጻፍ። በላዩ ላይ ሲሦውን ለድንገተኛ አስቀምጥ። ገንዘብህን ቶርኖ ቤቱ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚናውና ጓርኒሲዮኑ ላይ አውል። ችንጋውን (ክራንክሻፍቱን ከካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ)፣ የውሃ ፓምፑንና ከፊትና ከኋላ ያሉትን ፓራውሊዮዎች (የዘይት መከላከያ ጎማዎች) አሁኑኑ ቀይር። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ቀላል ናቸው፤ ከገባ በኋላ ግን ዳግም ድካም ናቸው። መፍታቱን፣ ማጠቡንና መግጠሙን ራስህ ስለምትሠራ የእጅ ዋጋው ይተርፍልሃል።

ስትገጥም በዘይት ንከር እንጂ በደረቁ አትግጠም። ፋሻዎቹ ላይ ምልክት ካለ ወደ ላይ ይሁን፤ ክፍተቶቻቸው በአንድ መስመር አይግጠሙ። አዲሱን ፋሻም እንደገና ለካው፤ ለ73 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ያስፈልገዋል። ጫፍ ለጫፍ የሚነካካ ፋሻ ሲሞቅ ይሰበራል። የቴስታታውን ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች አጥብቅ። ‹እጄ ያውቀዋል› የሚልህን አትስማ። ችንጋውን ምልክት በምልክት ከገጠምክ በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። የሚነካካ ነገር ካለ እጅህ ይነግርሃል፤ በሞተሪኖ ብታዞረው ግን የሚነግርህ የተጣመመው ቫልቭ ነው።

ቴርሞስታቱን መልሰህ ግጠም። ብዙ ጋራዥ ‹ያፈላል› ተብሎ ይወረወራል። ያለ እሱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። መኪናህ ያፈላ ከነበረ ምክንያቱን ራዲያተሩና ፋኑ ላይ ፈልግ።

የመጀመሪያው ቀን ካንዴላዎቹን ሳታስገባ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙር። ያኔ ዘይት ሁሉም ቦታ ደርሷል። ከዚያ ካንዴላ አስገብተህ አስነሳ። ቆሞ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አትተወው። ሙቀቱ ልኩ እንደደረሰና የሚያንጠባጥብ እንደሌለ ካየህ ወደ መንገድ ውጣ። መካከለኛ ጉልበት እየሰጠህ፣ እያነሳህ፣ ፍጥነት እየቀያየርክ ንዳው። አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው በጉልበት ሲገፋ ነው። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ረጅም ርቀት በአንድ ፍጥነት አትንዳ፣ ዳገት ላይም አታስጨንቀው። 500 ሲሞላ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ክፈተውና ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርግተህ እይ። ጥቂት ብናኝ ቢያበራ አያስደንቅም፤ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካገኘህ ግን መኪናውን አቁመህ ጻፍልኝ።

ለዛሬ ግን አንድ ብሎን እንኳ አትፍታ። መለኪያውን ተዋስ፤ አራቱን በደረቁ፣ አራቱን በዘይት ለክተህ ስምንቱን ቁጥሮች ላክልኝ። ጠዋትና ዳገት ላይ ያያችሁትን ጭስም ጨምርበት። ከዚያ የትኛውን እንደምትከፍት አብረን እንወስናለን።